የግራው ክንፍና የዶክተር ፕራውት ደብዳቤ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች ጥርስ ላይ ሽቦ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። ፕራይንቪል ከተማ ውስጥ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ቀጥ ያለ ጥርስ አሳይቶ ከሳቀ፣ ያ ሳቅ የእጄ ሥራ ነው ብዬ በልቤ እኮራለሁ። በልቤ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባለቤቴ ማርጎ እንደምትለው ግን፣ የኮራሁበትን ነገር በልቤ ይዤ ውዬ አላውቅም፤ ከምሳ በፊት አገር ይሰማዋል።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አውሮፕላን ልሠራ ተነሣሁ። እኩዮቼ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ይገዛሉ፣ ወይ ጉልበታቸውን ይታከማሉ። እኔ፣ ሌላንድ ፕራውት፣ ተፈታትቶ በሣጥን የሚመጣ ባለ ተርባይን አውሮፕላን ገዛሁ። አራት ሰው ይጭናል፤ አካሉ ከካርቦን ጨርቅና ከሙጫ የተሠራ ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን የሚያስኬደውን መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ሕጉ አንድ ነገር ያዛል፦ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ባለቤቱ በገዛ እጁ መሥራት አለበት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው የእኔን እጅ አላየም።

ሣጥኑን የሚሸጠው እዚያው አየር ማረፊያው ጥግ ላይ ያለ ሃይ ሜሳ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። ሠላሳ አንድ ሠራተኞች አሉት፤ ባለቤቱ ብራም ስታድለር ይባላል። ብራም አፈ ቅቤ ነው። ክፋት ግን የለበትም፤ የሚናገረውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያምነው እሱ ራሱ ነው። እኛ ደንበኞቹ ሣጥኑን ከገዛን በኋላ በእሱ አዳራሽ ውስጥ እየተመላለስን፣ በሠራተኞቹ እየታገዝን እንገጣጥማለን። አብዛኞቻችን ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ ነን፤ ከተጋባን ወዲህ ከሚስቶቻችን በቀር "ተው!" ብሎን የሚያውቅ የለም።

አውሮፕላኑ ፈጣን ነው፤ ፈጣን ነገር ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ለማረፍ ስትቃረብ ፍጥነቱን ትንሽ አብዝተህ ከቀነስክ አንዱ ክንፍ ድንገት ይከዳህና ትገለበጣለህ። እኔ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ሰዎች እንዲህ ሆነው ሞተዋል። ማርጎ የሁለቱንም ዜና አትማ ከቁርስ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

"ልምድ አልነበራቸውም" አልኳት።

"አንዱ ሃያ ዓመት ያበረረ ነው ይላል።"

"የዚህኛው ዓይነት ልምድ ማለቴ ነው።"

"አንተስ ምን አለህ?"

"ጥንቃቄ።"

"የጋራዡን በር ሳትከፍት በመኪና የወጣኸው ሰውዬ?" አለችና ቅቤዋን መቀባት ቀጠለች።

በሁለተኛው ዓመት ብራም ሽርክና ይዞ መጣ። ትእዛዝ በዝቶበት ክንፍ ማድረስ አቅቶት ነበር። ስለዚህ ቼክ አገር፣ ሞራቪያ ውስጥ፣ ሞተር የሌላቸው ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ሲሠራ ስልሳ ዓመት ከኖረ ፋብሪካ ጋር ተስማማ። እነሱ የክንፉን ቆዳና የውስጥ አጥንት ሠርተው በሁለት ግማሽ ይልካሉ፤ እኛ እዚህ እንዘጋዋለን። መዝጋት ማለት የላይኛውን ግማሽ በታችኛው ላይ በሙጫ መክደን ነው፤ ልክ እንደ ሳንዱች። ሳንዱቹ ከተከፈተ ግን የሚወድቀው ሰላጣው አይደለም።

ደንበኞቹ አጉረመረሙ። "እዚሁ የተሠራ ብለን ነው የገዛነው" ያለ አለ። "ውቅያኖስ አቋርጦ በመጣ ክንፍ ማን ይሳፈራል?" ያለም አለ። ብራም ለሽርክናው ፊት የሚሆንለት ሰው ፈለገ፤ ከተማው የሚያውቀው፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ማይክሮፎን ሲያይ የማይሸሽ። ብዙም ሩቅ አልሄደም። የሞራቪያን ክንፍ የሚያስገጥም የመጀመሪያው ሰው እኔ እንድሆን፣ የፋብሪካው ልዑካን ለፊርማ በሚመጡበት ዕለትም የግራ ክንፌን በእንግዶችና በጋዜጠኞች ፊት እንድዘጋ ተስማማን። ማርጎ አዲስ ሸሚዝ ገዛችልኝ። ይህንን የምነግራችሁ ለሸሚዙ ስል አይደለም፤ ያን ጠዋት አእምሮዬ የት እንደነበረ እንድታውቁት ነው።

የሃይ ሜሳ የሙጫ ክፍል ኃላፊ ሮክሳን ኩትስ ትባላለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ጥርሷን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። ጠዋት አብረን የሚጣበቀውን ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ በአሴቶን ወልውለን ጨረስን። "ከአሁን በኋላ ማንም በባዶ እጁ አይነካውም" ብላ ሰማያዊ ጓንት ሰጠችኝ። ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ጥርስ ላይ ሽቦ ሲለጠፍ አንዲት ጠብታ ምራቅ ከነካችው ሽቦው በሳምንቱ ይወልቃል። ይህን ለሦስት ረዳቶቼ አስተምሬአለሁ፤ አንዷን አስለቅሻታለሁም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው መጣ። "ጓንቱ የአስከሬን መርማሪ ያስመስልሃል" አለኝ። አወለቅሁት። በቀኝ እጄ ከእንግዶቹ ጠረጴዛ ያነሣሁት ስኳር የተለበጠ ቦምቦሊኖ ነበር። በግራ እጄ የክንፉን ጠርዝ ተደግፌ ተነሣሁ። "እስቲ ደግሞ በሌላው በኩል" አለኝ፤ ቦምቦሊኖውን ወደ ግራ አዛውሬ በቀኜ ተደገፍኩ። እንዲህ እየተገለባበጥን ብዙ ተነሣን።

"ዶክተር! እጅዎን!" አለች ሮክሳን ከወዲያ ማዶ።

"የሐኪም እጅ እኮ ነው፣ ንጹሕ ነው።"

ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያንን ጠርዝ እንደገና ልፈግፍገው። ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ።"

ሙጫው ተበጥብጦ ነበር፤ ከተበጠበጠ ወዲያ ብዙ አይቆይም። እንግዶቹ ቆመዋል። ብራም ሰዓቱን አየ። "ሙጫ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ልጄ" አልኳት፤ ትከሻዋንም መታ መታ አደረግሁ። ክንፉ ተዘጋ፣ ጭብጨባ ሆነ። በሥራ መዝገቡ ላይ "የግራ ክንፍ ተዘጋ" የሚለው ትይዩ ስሜን ከነማዕረጌ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፎቶዬም በመስታወት ሆኖ የድርጅቱ መግቢያ ላይ ተሰቀለ።

በሚቀጥለው በጋ አውሮፕላኔ በረረ። ሕጉ የመጀመሪያዎቹን አርባ ሰዓታት ብቻዬን፣ ሰው በሌለበት የደረቅ ቁጥቋጦ ሜዳ ላይ እንድበር ያዛል። እየበረርኩ እዘፍን ነበር። የመቅረጫው ድምፅ ስላለ መካድ አልችልም። አርባ አንደኛዋን ሰዓት ለማርጎ ይዤላት ነበር፤ እህቷ ዘንድ ቦይሲ ድረስ ልወስዳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ያህል እንደበረርኩ ግራው ክንፍ ሥር መዳፍ የሚያህል እርጥበት አየሁ። ነዳጁ የሚቀመጠው ክንፉ ውስጥ ነው፤ እርጥበቱም ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። በጨርቅ ጠረግሁት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። እንደገና ጠረግሁት። ማርጎ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ አየችኝ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም። አዲስ ክንፍ ያልበዋል።"

"ክንፍ ያልበዋል?"

"በበጋ።"

ማርጎ ሳንዱቹን ክንፉ ላይ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ቬልማ ኩትስ ሄደች።

ቬልማ የሮክሳን እናት ናት፤ እኔና እሷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነው የተማርነው። አየር ማረፊያው ላይ የራሷ የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ ያላት መካኒክ ናት። እጇን በቱታዋ እየጠረገች መጣች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ከኪሷ አሮጌ የብር ሳንቲም አወጣች። የክንፉን ቆዳ ከጫፍ ጀምራ በሳንቲሙ ቀስ እያለች ታንኳኳ ጀመር። ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ክንፉ ከአካሉ ጋር ወደሚጋጠምበት ስትቃረብ፣ ነዳጁ ከሚያልብበት በላይ፣ ድምፁ ታፈነ። ክንድ በሚያህል ርዝመት የታፈነ ድምፅ፤ የበሰበሰ ዱባ እንደመምታት።

ያን ድምፅ ቬልማ ሳትነግረኝ ነው ያወቅሁት። እኔም በየቀኑ ጥርስ የማንኳኳው በመስታወቴ እጀታ ነው፤ ውስጡ የሞተ ጥርስ እንዲህ ነው የሚለው።

"ለቋል" አለች ቬልማ። "ሙጫው አልያዘም። ይህን ይዘህ ነው አሥራ አንድ ሰዓት የበረርከው?"

ደንግጬ አጠገቤ የነበረ መሰላል ላይ ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ቁጣ ይቀለኛል።

"እነዚህ ቼኮች!" አልኩ።

"ክንፉን የዘጋው ማነው?"

"ከነሱ ነው የመጣው፣ ቬልማ! እዚያ ነው የተሠራው!"

"እሱን አልጠየቅሁህም። ማነው የዘጋው?"

ነገር ግን እኔ በሐሳቤ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ቬልማን አልሰማኋትም ብል እዋሻለሁ፤ ሰምቻታለሁ። ጥያቄው እንደ ዝንብ ነበር፣ በእጄ አባረርኩት።

ደብዳቤዬ ለስልሳ አራቱም የሃይ ሜሳ ባለ አውሮፕላኖች ደረሰ። "ውቅያኖስ ማዶ ያለ ግድየለሽ እጅ ሕይወቴን ሊቀጥፈው ነበር" ይላል። "ግድየለሽ እጅ" የምትለዋን ሐረግ በጣም ስለወደድኳት ሦስት ቦታ አስገብቻታለሁ። የሐኪምነት ሙያዬንም ጠቅሼ፣ ስለ ሙጫ የምናገረው በሥልጣን መሆኑን አስረድቻለሁ። የታፈነውን ድምፅ ቀርጬ አያይዤበታለሁ። መጨረሻ ላይ ብራም ሽርክናውን እንዲያፈርስ፣ ሌሎቹም እንዲጠይቁት ጥሪ አቅርቤአለሁ።

እሳት ለቀቅሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቀሪ ክፍያቸውን አንከፍልም አሉ። የሞራቪያው ፋብሪካ ስሙ በአደባባይ ሲጠፋ ዝም ብሎ ክንፍ አልክም አለና መላኩን አቆመ። ክንፍ ከሌለ ሥራ የለም፤ ብራም ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱን ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሰደደ። ከሃያ ሁለቱ አንዷ ሮክሳን ናት።

ብራም ክሊኒኬ ድረስ መጣ። የእንግዳ ማረፊያው ወንበሮች ለሕፃናት ቁመት የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ሌላንድ፣ ከመጻፍህ በፊት ስልክ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?"

"የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፣ ብራም።"

"ይሁን። ግን እስቲ ክንፉን ከፍተን እንየው። ከቼክ አገር ሰው ይመጣል።"

"ይምጣ! እኔም ካሜራዬን ይዤ እገኛለሁ።"

የመጣው ሰው ኦታካር ይባላል። መጀመሪያው በረዶ በወረደበት ሳምንት ነበር። የፋብሪካው መሐንዲስ ነው፤ አጠር ያለ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ የራሱን መጋዝ በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣ ሰው። እንደ ጠላት ሊቀበለኝ ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ "በሕይወት በመገኘትዎ ደስ ብሎኛል፣ ዶክተር" አለኝ። እኔ ይህን እንደ ተንኮል ቆጠርኩት።

ሃይ ሜሳ አዳራሽ ውስጥ አምስታችን ቆምን፦ ኦታካር፣ ብራም፣ ቬልማ፣ ለዚያ ቀን ብቻ የተጠራችው ሮክሳንና ካሜራ የደገንኩት እኔ። ኦታካር የክንፉን ቆዳ በታፈነው ቦታ ዙሪያ በመጋዝ ቆርጦ አነሣው። መጀመሪያ ፋብሪካው የለጠፈውን የውስጥ አጥንት በጉጠት ያዘና ጎተተ። አልለቀቀም። በሁለት እጁ ጎተተ። በመጨረሻ ካርቦኑ ራሱ ተቀደደ፣ ሙጫው ግን ከነቦታው ቀረ።

"ይህ የእኛ ነው" አለ። "ጥሩ ነው።"

ከዚያ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበትን ጠርዝ በጥፍሩ ነካ አደረገው። እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጠ። አንድ ክንድ ሙሉ ሙጫ፣ ምንም ሳይቀደድ፣ እንደ መስታወት እያብለጨለጨ በእጁ ቀረ። ወደ መብራቱ አዞረው። ሙጫው ላይ አራት ጣቶችና አንድ መዳፍ ታትመውበታል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ አራት ጣት።

"ይህን ክፍል የሠራው ማነው?" አለ ኦታካር።

"እናንተ ናችኋ!" አልኩ፤ ካሜራዬ እየቀረጸ ነው።

"አይደለም፣ ዶክተር። እኛ እስከዚህ ነን።" ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። "ከዚህ ወዲያ እዚህ የተሠራ ነው።"

ብራም የሥራ መዝገቡን ገለጠ። ፊርማዬ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ተውለብልቦ ይታያል። ዶክተር የሚለው ቃል ከቀሩት ሁሉ ይበልጣል። ብራም ወደ መግቢያው ሄዶ በመስታወት የተሰቀለውን ፎቶ ይዞ መጣና ከክንፉ አጠገብ አቆመው። አዲሱ ሸሚዜ፣ ጥርሴ፣ ቦምቦሊኖው፣ ጠርዙን የተደገፈው ባዶ እጄ። ሁሉም ከፎቶው ወደ ሙጫው፣ ከሙጫው ወደ እጄ ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

"ቦምቦሊኖው ስኳር ነበረበት" አለች ሮክሳን።

ኦታካር ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "ስኳር? ምን ዓይነት ስኳር?"

"የቀለጠ። ከላይ የሚለበጥ።"

"ቅቤስ ነበረው?" ብሎ ጠየቀ፣ ከልቡ ነው፤ መጻፍ ስላለበት ነው።

ቬልማ ከዚያ በላይ መቻል አቃታት። ክንፉን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ግድየለሽ እጅ!" አለች። "ሦስት ጊዜ!" ካሜራዬ ይህንንም ቀርጿል፤ ማጥፋት ረስቼ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር፤ እኔ ግን ማማሰል ብቻ ሳይሆን ለስልሳ አራት ቤት በደብዳቤ አዳርሻለሁ።

በዚያች ሰዓት ይቅርታ ጠየቅሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልጠየቅሁም። "መመርመር አለበት" የሚል ነገር አጉረምርሜ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሦስት ምክንያቶች አዘጋጀሁ፦ ጓንቱን ያስወለቀኝ ፎቶ አንሺው ነው፤ ሰዓቱን አይቶ ያጣደፈኝ ብራም ነው፤ ሮክሳንም ብትሆን ጠንከር ብላ መናገር ነበረባት። ሦስቱንም ሾርባ እየጠጣን ለማርጎ በየተራ አቀረብኩላት። ማርጎ ጨርሳ ሰማችኝ።

"አበቃህ?"

"አበቃሁ።"

"እንግዲያው ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍ።"

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአንዲት ከሰዓት በኋላ ነው የጻፍኩት። ሁለተኛው አምስት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ረቂቅ "ስህተት ተፈጥሯል" ይላል። ማርጎ በእርሳስ "ማን ፈጠረው?" ብላ ጻፈችበት። ሁለተኛው ረቂቅ "ሁላችንም እንደ ሰው ልንሳሳት" ብሎ ይጀምራል። "ሁላችን እነማን?" ብላ መለሰችው። በአምስተኛው ቀን አራት መስመር ቀረ፦ "የግራ ክንፌን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያጸዳነውን ጠርዝ በባዶና ስኳር በነካው እጄ ነክቼ፣ አስጠንቅቀውኝ ሳለ ዘጋሁት። የሞራቪያው ሥራ ጥፋት የለበትም፤ ስማቸውን በሐሰት አጥፍቻለሁ። እናንተም በገዛ እጃችሁ የዘጋችሁትን ክንፍ ከመብረራችሁ በፊት አስመርምሩ።"

ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ወደ ሮክሳን ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፣ ይግቡ ግን አላለችኝም። ጫማዬ ላይ በረዶ እየቀለጠ ደጃፏ ላይ ቆሜ አነበብኩላት።

"ሃያ ደቂቃ ጠይቀሽኝ ነበር" አልኳት።

"ጠይቄዎት ነበር።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ከሥራ መውጣቴ አናዶኛል፤ እሱ ግን ያልፋል" አለች። "የማያልፍልኝ ሌላ ነው። እኔ ያን ቀን ክንፉ ሲዘጋ ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። ደንበኛ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ። ማርጎን አውሮፕላኑ ላይ ጭነው ቢበሩስ ኖሮ? እኔ ምን ሆኜ እኖር ነበር?"

ስለ ገዛ ሕይወቴ ያን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ ማርጎ እዚያ አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ ልትቀመጥ እንደነበር ግን አንድም ጊዜ አስቤ አላውቅም። ያን ጊዜ አየኋት። የእህቷን ስጦታ ጉልበቷ ላይ ይዛ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሮክሳን አይታኝ "ይግቡ እንግዲህ፣ ብርድ ነው" አለች።

በጥር ብራም ደንበኞቹን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። መድረክ ላይ ወጣሁ፤ ፎቶው ከኋላዬ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። ማይክሮፎን ፊት ቆሜ ቶሎ መውረድ ያማረኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁን ተዉት። እያንዳንዱ የራሱን የመዝጊያ ቀን እያሰበ እንደነበር ገባኝ። ያጣደፈውን ነገር፣ የዘለለውን ነገር።

ከስብሰባው በኋላ በሳምንቱ ከነብራስካ ስልክ ተደወለልኝ። ዴልበርት የሚባል የስንዴ ገበሬ ነው፤ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የደገፈኝ እሱ ነበር።

"ዶክተር፣ ክንፌን በሳንቲም አስመረመርኩት።"

"እህ?"

"የቀኙ ጫፍ ድምፁ ታፍኗል። ያን ቀን አዝመራ ደርሶብኝ ብቻዬን ነው የዘጋሁት። ላብ በላብ ነበርኩ።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "ቅዳሜ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ላሳፍር ነበር።"

"ቦምቦሊኖ አልነበረም?" አልኩት። "ቢኖር ኖሮ በበላሁት ነበር" አለኝ።

ሞራቪያዎቹ ለሁለተኛው ደብዳቤዬ መልስ አልጻፉም፤ ክንፎቹን ግን እንደገና መላክ ጀመሩ። ሠራተኞቹ በየካቲት ተመለሱ፤ ከሃያ ሁለቱ ሦስቱ ሌላ ሥራ አግኝተው ስለነበር አልተመለሱም፤ ከእነሱ አንዱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ አልፈርድበትም። ኦታካር ለሃይ ሜሳ አዳራሽ አንድ ደንብ አወጣ። ማንም ባለ አውሮፕላን ብቻውን ክንፍ አይዘጋም፤ የሙጫ ክፍል ኃላፊ አብራ ሳትፈርም መክደኛው አይወርድም፤ እንግዳም አይጋበዝም። ፎቶዬ ከመግቢያው ተነሥቶ የሙጫ ክፍሉ በር ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ "ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ይላል። አዳዲስ ደንበኞች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው፤ የፈለግሁትም ይኸው አልነበር?

ክንፌን እንደገና ለመሥራት ስምንት ወር ፈጀብኝ። የመዝጊያው ቀን ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከሮክሳን በቀር ማንም አልነበረም።

"ጓንት።"

"አድርጌአለሁ።"

"ያሳዩኝ።"

ሁለት እጄን እንደ ተማሪ ዘርግቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። "አሁን አፍንጫዎን ነክተዋል" አለች፤ አዲስ ጓንት ሰጠችኝ። ያን ጠዋት አምስት ጊዜ አስቀየረችኝ።

አርባውን ሰዓት ጨርሼ ማርጎን ቦይሲ አድርሼ ከመለስኳት በኋላ፣ በመከር ኦታካር ለሥራ ተመልሶ መጣ። በኩራት ሳይሆን በትሕትና — ቢያንስ እኔ ትሕትና ነው ብዬ — ላሳፍረው ጠየቅሁት።

"አመሰግናለሁ፣ ዶክተር" አለ ባርኔጣውን እያዟዟረ። "ግን ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"ክንፉ እኮ የእናንተ ነው!"

"ክንፉን አልፈራሁም።"

ሮክሳን ከሩቅ ትሰማ ነበር። "እኔ ፈርሜበታለሁ፣ ኦታካር" አለችው። እሱም ትንሽ አሰበና ቦርሳውን ለሷ አስረክቦ ተሳፈረ። ከከተማው ማዶ ባሉት፣ በረዶ በለበሱ ሦስት ተራሮች ላይ አዞርኩት። እንደ ጸሎት መዳፉን የአውሮፕላኑ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ሙሉውን ጊዜ ክንፉን አዳመጠ። ሳርፍ ፍጥነቴን መቀነስ ስለፈራሁ ማኮብኮቢያውን ከሞላ ጎደል ጨረስኩት፤ ጎማዎቹ ሁለቴ ነጠሩ።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ "እንዴት ነበር?" አልኩት።

ኦታካር ቀበቶውን ፈታ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ በደንብም አሰበበት።

"ክንፉ ጥሩ ነው" አለ።